የሳይንስ ክበብ፦ ፍሳሹ ይዞት የሚሄደው ሙቀት

ዓመቱ የተጀመረው በአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ ሻወር ስወስድ ውሃው እግሬ ሥር ደርሶም ይሞቃል። ከዚያ ሙቀቱ የት ይሄዳል?» ወደ ፍሳሽ ነዋ! ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ከዚህ ጥያቄ አልተላቀቀም።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሠራን። 1 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ያህል ይፈልጋል። በደቂቃ 8 ሊትር የሚያፈስ ሻወር በ10 ደቂቃ 80 ሊትር ይጨርሳል። ይህን ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አብዛኛው ደግሞ ገላን ነክቶ ወዲያው ነው የሚወርደው።

ስለዚህ ሙቀቱን መልሶ የሚይዝ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣን። ፍሳሹ በሚወርድበት ቧንቧ ላይ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ይጠመጠማል። ወደ ማሞቂያው የሚሄደው ቀዝቃዛ ውሃ በቱቦው ያልፋል። ሁለቱ ውሃዎች አይነካኩም፤ ሙቀቱ ብቻ ይሻገራል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። የፍሳሹ ቧንቧ ፕላስቲክ ነበር፤ ፕላስቲክ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ቀድሜ ልነግራቸው ይገባ ነበር። በመዳብ ቀየርነው። አጋድመን ስንሞክረው ግን የቀዝቃዛው ውሃ ሙቀት የጨመረው 2 ዲግሪ ብቻ ነው። ፍሳሹ የቧንቧውን ወለል ብቻ እየላሰ ያልፍ ነበር። ቀጥ አድርገን ስናቆመው ነገሩ ተለወጠ። ውሃው መሃል ለመሃል አይወርድም፤ ስስ ሆኖ ግድግዳውን ዙሪያውን ይዞ ይወርዳል። በባትሪ እያበራን ከላይ አጮልቀን አየነው። ከዓመቱ ሁሉ የማልረሳው ያንን ነው።

ቀዝቃዛውን ከታች ወደ ላይ እንዲወጣ አደረግን። 18 ዲግሪ ሆኖ የገባው 24 ሆኖ ወጣ። አንዷ ልጅ ጣቷን ቱቦው ጫፍ ላይ አድርጋ «ለብ ብሏል! ለብ ብሏል!» ስትል ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ገንዳ ሞልቶ ለሚታጠብ ሰው ግን ብዙም አይጠቅምም። ፍሳሹ ሲወርድ ቀዝቃዛው ካልገባ ሙቀቱን የሚቀበል የለም። በትልቁ ሲሠራ ሌላ ነው። ስቶክሆልም ያለው የሐማርቢ ጣቢያ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተጣራ የከተማ ፍሳሽ በሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከቀዝቃዛ ነገር ወደ ሞቃት በሚያሸጋግር ማሽን) ሙቀት እያወጣ ቤቶችን ያሞቃል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የእነሱን ቱቦ በሌላ ዓይን አዩት።

መሣሪያው አሁን ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቱቦው ክብ ስለሆነ ከቧንቧው ጋር በደንብ አልገጠመም፤ በመሃል ያለው አየር ሙቀቱን ያግዳል። በመጪው ዓመት ቱቦውን ጠፍጠፍ አድርገን እንደገና እንጠመጥመዋለን።