የክፍሉን ብዛትም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በመዝናኛ ገጻችሁ የውጭ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ስትጠቁሙ በአብዛኛው የምናገኘው ርዕሱን፣ የመሪ ተዋናዩን ፎቶና ከአሥር የተሰጠውን ነጥብ ነው። ይህ ለመምረጥ አይበቃም። ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ታሪኩ ማለቁ ወይም ተንጠልጥሎ መቅረቱ፣ የየት አገር ሥራ እንደሆነ ካልታወቀ ነጥቡ ብቻውን ያሳስታል።

በመጀመሪያ ነጥብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አይ ኤም ዲ ቢ የተባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ የሚያወጣው ተመልካቾች ከ1 እስከ 10 የሰጡትን ድምፅ አማካይ ነው። ሮተን ቶሜቶስ በተባለው ሌላ ድረ ገጽ ላይ የምናየው መቶኛ ግን ከሐያሲያን መካከል ስንቱ በበጎ እንደተቀበሉት ብቻ ይቆጥራል፤ ምን ያህል እንደወደዱት አይነግረንም። ሁሉም «አይከፋም» ያሉት ፊልም 100 በመቶ ያገኛል። ግማሹ እንደ ታላቅ ሥራ ያደነቀው፣ ግማሹ ደግሞ የጠላው ደፋር ፊልም 50 በመቶ ይዞ «የበሰበሰ» ከሚባሉት ጎራ ይገባል፤ መለያው መስመር 60 በመቶ ነውና። የመውደዱን መጠን ማወቅ የፈለገ ሰው ሜታክሪቲክ የተባለውን ድረ ገጽ ቢያይ ይሻለዋል፤ እዚያ የሐያሲያኑ ምዘና ወደ መቶ ተቀይሮ ነው አማካዩ የሚወጣው።

ዘውግም ሚዛኑን ይቀይረዋል። አስፈሪ ፊልምና ኮሜዲ ከድራማ ዝቅ ተደርገው ነው የሚመዘኑት። 6.5 ያገኘ አስፈሪ ፊልም ብዙ ጊዜ ጥሩ ፊልም ነው፤ 6.5 ያገኘ የታሪክ ድራማ ግን አሰልቺ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሩ። ገና ከወጣ ቀናት ያልሞሉት ሥራ ከሆነ ደግሞ ቀድመው ድምፅ የሚሰጡት አድናቂዎቹ ስለሆኑ ቁጥሩ ኋላ መውረዱ የተለመደ ነው።

በተከታታይ ድራማ ላይ ጥቅል ነጥብ ይበልጥ ይደብቃል። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» 73 ክፍሎች አሉት። በአይ ኤም ዲ ቢ ጥቅል ነጥቡ ከ9 በላይ ሆኖ ሳለ በ2019 የታየው የመጨረሻ ክፍሉ ግን ከ5 በታች ነው ያገኘው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ክፍል ነጥብ በተርታ ማየት ነው። ከሦስተኛው ሲዝን ጀምሮ የሚያሽቆለቁል ከሆነ ሁለተኛው ላይ ማቆም ይቻላል፤ ማንም አያስገድድም። የክፍሎቹን ነጥብ ስታዩ ግን እዚያው ድረ ገጽ ላይ ያለውን የተዋንያን ዝርዝር አትክፈቱ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን በስንት ክፍል እንደተሳተፈ ስለሚጻፍ ቀድሞ የሚሞተው ማን እንደሆነ እዚያው ይጋለጣል። የወንጀል ድራማ ያበላሸባችሁ ሰው ብትፈልጉ መጀመሪያ ይህን ገጽ ጠርጥሩ።

አገሩ የድራማውን ቅርጽ ይወስናል። የኮሪያ ድራማ በአብዛኛው ከ12 እስከ 16 ክፍል፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖ በአንድ ሲዝን እንዲያልቅ ነው የሚጻፈው፤ ጅማሬና ፍጻሜ ያለው የፍቅር ታሪክ ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ የለም። የእንግሊዝ ድራማ ብዙ ጊዜ ስድስት ክፍል ወይም ከዚያ በታች ሲሆን አንድ ወይም ሁለት ጸሐፊ ስለሚጽፈው ቃናው አይለዋወጥም። በአሜሪካ መደበኛ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በዓመት 22 ክፍል ማውጣት የቆየ ልማድ ነበር። በመሐል ለሙሌት የገቡ ክፍሎች የሚበዙት ለዚህ ነው። የላቲን አሜሪካ ቴሌኖቬላ ከመቶ ክፍል ቢያልፍም መጨረሻ አለው። የቱርክ ድራማ ዝግ ያለ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያቱ በአገሩ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚታየው አንዱ ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። ወደ ውጭ ሲሸጥ በ45 ደቂቃ ገደማ ይቆራረጣል፤ ክፍሉ ወሬ መሐል በድንገት የሚያልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። የእንግሊዙ ኮሜዲ «ዘ ኦፊስ» ልዩ ክፍሎቹን ጨምሮ 14 ክፍል ሲሆን የአሜሪካው 201 ነው። አንዱ በሁለት ቀን ያልቃል፣ ሌላው ለወራት አብሮ ይከርማል፤ ርዕሱን ብቻ ያየ አንባቢ የትኛውን እንደጀመረ እንኳ አያውቅም።

ለመተውም ልክ አለው። ስድስት ክፍል ያለውን በአንዱ መመዘን ይቻላል። 16 ክፍል ላለው የኮሪያ ድራማ እስከ አራተኛው ታገሡ። በአሜሪካው ግን በመጀመሪያው ክፍል አትፍረዱ፤ ሙከራ ተብሎ ከሌሎቹ ወራት ቀድሞ ስለሚቀረጽ አንዳንዴ ተዋናይም ቃናም ይቀየራል። ሦስተኛውን አይቶ መወሰን ይሻላል። ስለ እውነተኛ ወንጀል የሚሠሩ ዘጋቢ ተከታታዮችን በተመለከተ አስተያየቴ ጠንከር ያለ ነው፦ አብዛኞቹ የሁለት ሰዓት ወሬ ወደ አምስት ሰዓት የተለጠጠባቸው ናቸው።

የግርጌ ጽሑፍ፣ ማለትም ከምስሉ ሥር የሚነበበው የንግግሩ ትርጉም፣ ጉዳይ ጥሩውን ፊልም እስከ ማስተው ይደርሳል። የጽሑፉ ፋይል ከፊልሙ ጋር አንድ ዓይነት ስም ይዞ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን የሚቀድም ወይም የሚዘገይ ከሆነ ቀላል ነው፤ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በተባለው የፊልም ማጫወቻ «ጂ» እና «ኤች» የሚባሉትን ቁልፎች በመጫን በ50 ሚሊ ሰከንድ እየገፉ ማስተካከል ይቻላል። ሲጀምር ገጥሞ እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ ግን ቁልፉ አያድንም። ጽሑፉ በሰከንድ 25 ምስል ለሚሄድ ቅጂ ተዘጋጅቶ የእናንተ ፊልም 23.976 ሲሆን ልዩነቱ ከ4 በመቶ ያልፋል፤ በ100 ደቂቃ ፊልም መጨረሻ ላይ ከ4 ደቂቃ በላይ ይሆናል። ሌላ ፋይል መፈለግ ነው። መሐል ላይ በድንገት የሚዘል ከሆነ ደግሞ ቅጂው ተቆርጧል ማለት ነው። «ላ ካሳ ደ ፓፔል» በስፔን ጣቢያ በ2017 ሲታይ 15 ክፍል ነበር፣ ኔትፍሊክስ ቆራርጦ 22 አደረገው። የአንዱ አምስተኛ ክፍል ጽሑፍ ለሌላው አምስተኛ ክፍል አይሆንም። ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክትና ሣጥን ከተቀየረ ፋይሉን ዩቲኤፍ 8 በተባለው የኮምፒውተር የፊደል ኮድ መልሶ ማስቀመጥ በአብዛኛው ይፈታዋል።

ድምፁ በሌላ ቋንቋ የተተካለትን ፊልም ከግርጌ ጽሑፍ ጋር አብሮ ማየት ግራ ያጋባል። የድምፁ ትርጉም ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር እንዲሄድ ስለሚቀረጽ ሁለቱ አይገጥሙም። ለአኒሜሽንና ለድብድብ ፊልም የተተካው ድምፅ አይከፋም። ለኮሜዲና ለፍርድ ቤት ድራማ ግን ዋናውን ድምፅ ምረጡ።

የዕድሜ ገደብን ከነምክንያቱ ማውጣት ደግሞ ለወላጅ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ፒጂ 13 የሚባለው፣ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚያሳስበው ደረጃ በ1984 የመጣ ሲሆን ከጎኑ የሚጻፈው ምክንያት፣ ማለትም ግድያ ነው ስድብ ወይስ እርቃን፣ ከቁጥሩ የበለጠ ይናገራል። አስፈሪ ፊልም ደም ሳያፈስ እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል።

እንግዲህ የምንጠይቀው አንድ መስመር ነው፦ የመጀመሪያ ርዕሱ፣ አገሩ፣ ዓመቱ፣ የክፍሉ ብዛትና ደቂቃው፣ አልቋል ወይስ ይቀጥላል ወይስ ተቋርጧል፣ የዕድሜ ገደቡ ከነምክንያቱ። ዓመቱንና አገሩን በተለይ አትተዉ። በ2002 በሆንግ ኮንግ የተሠራው «ኢንፈርናል አፌርስ» 101 ደቂቃ ነው፤ ያንኑ ታሪክ አሜሪካ በ2006 «ዘ ዲፓርትድ» ብላ ስትሠራው 151 ደቂቃ ሆኗል። ሁለቱም መታየት የሚገባቸው ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያይ ጊዜ ያጠረው ሰው ግን የሆንግ ኮንጉን ይያዝ። ታሪኩን ስታጠቃልሉም እባካችሁ ከመጀመሪያው ክፍል አትለፉ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ