ያልታጠቡት 40 ፊልሞች

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ይኸው ከጠፋሁብህ ሁለት ዓመት ሞላ። ሥራ በዛብኝ ብዬ አላመካኝም፤ አፍሬ ነው። በመጨረሻው ደብዳቤህ «ፊልሞቹን አጠብካቸው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አላጠብኳቸውም። አጥቤ ልጻፍለት እያልኩ ሳጥኑ ሞላ፣ ደብዳቤህም መልስ ሳያገኝ ከረመ።

አሁን ግን የምናገርበት አፍ አግኝቻለሁ። 40 ጥቅል ጥቁርና ነጭ ፊልም በሁለት ቅዳሜና እሁድ ቤቴ ውስጥ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼ ጨረስኩ። ያን ያህል ጊዜ ያስፈራኝ የነበረው ኬሚካሉ ነው፤ ቀኑን የሚበላው ግን ሌላው ሥራ ኖሯል።

«ፊልም አጠብኩ» ማለታችን ራሱ ይገርመኛል። እውነተኛው እጥበት መጨረሻ ላይ የሚመጣው ነው፤ እሱም ቀላል ነው። ምስሉን ከሚያጸናው ኬሚካል፣ ከፊክሰሩ በኋላ፣ ታንኩን (ብርሃን የማያስገባውን የማጠቢያ ዕቃ) በውኃ ትሞላና 5 ጊዜ ትገለብጠዋለህ፤ ደፍተህ እንደገና ሞልተህ 10 ጊዜ፣ በሦስተኛው ውኃ 20 ጊዜ። አበቃ። ቧንቧ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት መቆም የለም።

ታንኬ በአንድ ዙር አምስት ፊልም ይይዛል፤ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ዴቨሎፐር፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣውን ኬሚካል፣ ይጠጣል። አስቀድሜ ፊልሞቹን በዓይነት ለየኋቸው። አይ ዲ 11 የተባለውን ዴቨሎፐር በእኩል ውኃ አቅጥነህ በ20 ዲግሪ ስትሠራ፣ «ኤች ፒ 5» የሚባለው ፊልም 13 ደቂቃ ይፈልጋል፣ «ኤፍ ፒ 4» የሚባለው ግን 11 ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለቱን አንድ ታንክ ውስጥ መክተት አንዱን መበደል ነው።

በመጀመሪያው ቀን ቸኩዬ ነበር። ፊልሙ ታንኩ ውስጥ የሚጠመጠምባቸውን፣ ጠዋት የተጠቀምኩባቸውን ሪሎች በፎጣ ጠራርጌ ከሰዓት በኋላ ደገምኳቸው። ብርሃን እንዳይነካው ጨለማ ውስጥ ስጠመጥመው፣ ፊልሙ ግማሽ ድረስ ሄዶ ቀጥ አለ። ብገፋው እምቢ፣ ብስበው እምቢ። ላቤ በጣቶቼ መካከል ይወርዳል፤ ፊልሙ እጄ ላይ ቀጭ እያለ ሲታጠፍ ይሰማኛል፣ አይታየኝም። እርጥብ ሪል ፊልምን እንደ ሙጫ ይይዛል። በማግስቱ ሌላ አምስት ሪል ገዛሁ፤ አምስቱ ሲሠሩ አምስቱ ይደርቃሉ።

ማድረቁን ግን አደራህን አትናቀው። ስካነሮች አቧራን በኢንፍራሬድ፣ ዓይን በማያየው ብርሃን፣ ለይተው የሚያጠፉበት ዘዴ ምስሉ ከብር ማዕድን በተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አይሠራም። ፊልሙ ላይ የደረቀች ቅንጣት ሁሉ ኋላ በእጅህ የምትለቀም ናት። ስለዚህ መታጠቢያ ቤቱን በሙቅ ውኃ እንፋሎት እሞላዋለሁ፣ አቧራው ከእንፋሎቱ ጋር እስኪወርድ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ፊልሞቹን ከታች መቆንጠጫ አንጠልጥዬ እሰቅላቸውና በሩን ዘግቼ እስከ ማለዳ አልገባም። የቤት ሰው ይቆጣል፤ ይቆጣ!

ጠፍጣፋውን ስካነር ተውኩት። 1,440 ፍሬም (ፎቶ) በእሱ ቢሆን እስካሁንም አልጽፍልህም ነበር። አሁን ኔጌቲቩን፣ የታጠበውን ፊልም፣ በብርሃን ሰሌዳ ላይ አድርጌ ከቅርብ በሚያነሳ ማክሮ ሌንስ በካሜራ አነሳዋለሁ። ካሜራው ቀጥ ብሎ መቆሙን የማረጋግጠው ሰሌዳው ላይ ትንሽ መስታወት አስቀምጬ ነው፤ ሌንሱ በምስሉ መሃል ላይ ራሱን ካየ ልክ ነው። ፊልሙን ሳልቆራርጥ ከዳር እስከ ዳር በመያዣው ውስጥ እስበዋለሁ፤ መቁረጡ ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጥቅል አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ያ ጨለማ ውስጥ የታጠፈው ፊልም ጨረቃ የመሰሉ ጠባሳዎች ቀርተውበታል። አንዷ ጨረቃ የት እንዳረፈች ታውቃለህ? አንተ ደረጃው ላይ ተቀምጠህ የምትስቅበት ፎቶ ላይ፣ ልክ ግንባርህ መሃል። ማጥፋት እችል ነበር፤ አላጠፋሁም። ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ፤ እየተሳደብክም ቢሆን ጻፍልኝ።

ወንድምህ