የትርጉሙ ዕዳ የማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ነዋሪ ሁለት ቋንቋ ቀላቅሎ ይኖራል፤ ወረቀቱ ግን መቀላቀል አልቻለም። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ፣ የከተማው አማርኛ ስለሆነ አንድ የልደት ምስክር ወረቀት ወሰን ሲሻገር ተርጓሚ ይፈልጋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀው ፖሊሲ አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማሊኛንና አፋርኛን ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ለማድረግ ያለመ ነበር። መስኮቱ ዘንድ ሲደርስ ግን ወጪውም ምልልሱም የባለጉዳዩ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ስም ላይ ነው። ጥላሁን በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በ«ኤክስ» ይጀምራል፣ ፓስፖርት ላይ በ«ቲ»። ቀነኒሳም እንዲሁ፤ እዚያ «ኪው»፣ እዚህ «ኬ»። ተርጓሚው በመሰለው ከጻፈ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ትርጉም ቤት ሲኬድ የፓስፖርት ወይም የፋይዳ ኮፒ ይያዝ፤ አጻጻፉ ከዚያ ይገልበጥ። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ማኅተም ከመመታቱ በፊት ፊደል በፊደል ይነበብ። የልደት ዘመኑም የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ በግልጽ ይጻፍ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም።

ካናዳ ውስጥ ፌድኖር የተባለው የፌዴራል ኤጀንሲ በሰሜናዊ ኦንታሪዮ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችን የልማት ፕሮጀክቶች ይደግፋል። አመልካቹ በፈረንሳይኛ ይጽፋል፤ የቋንቋው ጣጣ የመሥሪያ ቤቱ ነው። (ገንዘብ አላቸው ይባል ይሆናል፤ እኛ ግን የምንጠይቀው ቅጽ ነው።) ባለሁለት ቋንቋ ቅጽ፣ ከሥሩም «በፓስፖርት ያለው አጻጻፍ» የሚል አንድ መስመር ይታተምልን።

ከአዲስ አበባ ዳርቻ