ለጅቡቲ ከተማ ከንቲባ፦ ሽቦው የነበረበትን ቦታ አሳዩን

ጉዳዩ፦ በፈረንሳይ ዘመን ከተማዋን ያጠረውን የእሾህ ሽቦ፣ የ«ባራዡን» መስመር፣ በከተማው ውስጥ ስለማመልከት

ክቡር ከንቲባ፣

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያደግኩ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። በአማርኛ መጻፌ ድፍረት እንዳይሆንብኝ። ከተማዎ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

እኛ ቤት ጅቡቲ ውጭ አገር አልነበረችም። አባቴ ሰኞ ሄዶ ረቡዕ የሚመለስባት ቦታ ነበረች። ሽቶ፣ ቴምር፣ አንዳንዴም ግምሩክ ያላየው ጨርቅ ይዞልን ይመጣል። (እሱ እንኳ አሁን ይርጋ አግዶታል ብዬ ነው የምናገረው።)

ጅቡቲ ስመጣ መጀመሪያ የምሄደው ምኒልክ አደባባይ ነው። ስሙ ከተቀየረ ቆየ። በነጻነታችሁ ቀን፣ በእ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1977 ስም፣ ተሰይሟል (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሰው ግን ዛሬም «ምኒልክ» ይለዋል። ከዚያ ወደ ሐሙዲ መስጊድ እወርዳለሁ። እዚያ ያለው አደባባይ ድሮ በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም ይጠራ ነበር። ያው ግጥሙን ትቶ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ሸዋ ድረስ የመጣው ሰውዬ። አሁን ማሕሙድ ሐርቢ ተብሏል። ሐርቢ በ1958ቱ ሕዝበ ውሳኔ «ከፈረንሳይ ጋር አንቀጥልም» ብሎ የተሟገተ፣ በ1960 በአውሮፕላን አደጋ የሞተ ፖለቲከኛ ነው። ጥሩ ለውጥ ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል።

ስም መቀየር ግን ቀላሉ ሥራ ነው። የከተማዋ ታሪክ የተጻፈው አደባባይ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሰው እንዲኖር በተፈቀደለትና በተከለከለበት ቦታም ጭምር ነው። ፈረንሳዮች ከቀድሞ መቀመጫቸው ከኦቦክ ተነስተው እዚህ መቆርቆር የጀመሩት በ1888 ነው። ነፋስ የሚያገኘውን ከፍታ ለራሳቸው ያዙ። ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ፕላቶ ዱ ማራቡ እያሉ ስም አወጡለት። ዝቅ ብሎ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ የአገሬው ሆነ። ለእሱ ስም ማውጣት እንኳ አላስፈለገም፣ ካርቲዬ (ሰፈር) 1፣ ካርቲዬ 2 እየተባለ ተቆጠረ። ከየመን የመጣው ግንበኛ፣ ሶማሌውና አፋሩ የወደብ ሠራተኛ፣ ከእኛ በኩል የወረደው ሁሉ እዚያ ተጨናንቆ ኖረ።

ከተማዋን ያሳደጋት ባቡሩ ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 ፈጀበት። ድሬዳዋን ከባዶ ሜዳ ያስነሳትም እሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ከተሞች የአንድ አባት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። እኔም እንደ ዘመድ ነው የምናገርዎት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በኦገስት 1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ጅቡቲ መጡ። ሕዝቡ «ነጻነት» የሚል ጨርቅ ይዞ ጠበቃቸው። ግርግር ተነሳ፣ ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲያ ነው ከተማዋ በእሾህ ሽቦ የታጠረችው። ወደ 14 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መጠበቂያ ማማ ነበረው፣ ፈንጂ ነበረው፣ ወታደር ነበረው። ሰዉ «ባራዥ» አለው። በማርች 1967 ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከድምፁ 60 በመቶ ገደማው «ከፈረንሳይ ጋር እንቀጥል» አለ ተባለ። ያን ሰሞን ብዙ ሶማሌዎች ተይዘው ከአገር ተባረዋል። የግዛቱም ስም ተለውጦ «የፈረንሳይ የአፋርና የኢሳ ግዛት» ሆነ። ሁለት ሕዝብ ስም ላይ አስቀምጦ መሃላቸው መግባት ማለት ይኼ ነው።

የእኛም እጅ ንጹህ አልነበረም። ንጉሡም ሞቃዲሾም ጅቡቲን ለየራሳቸው ይፈልጓት ነበር። ወደቡ ከሶማሊያ እጅ ከሚገባ ፈረንሳይ ብትቆይ ይሻላል የሚል ስሌት አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። ይኼን ሳልናገር ስለ ሽቦው ብቻ ባወራ ትክክል አይሆንም።

ወረቀት አጥቶ ከሽቦው ውጭ የቀረው ሰው ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም። እዚያው ቆርቆሮውን ተክሎ ተቀመጠ። ባልባላ የምትባለው ሰፈር እንዲህ ተወለደች። ዛሬ ከከተማው ሕዝብ ስንቱ እዚያ እንደሚኖር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ጠዋት ጠዋት ከባልባላ ወደ ወደቡ በሚኒባስ የሚጎርፈው ሰው፣ አያቱ ወረቀት አሳይ ይባልበት የነበረውን መስመር ሳያውቀው ይሻገራል።

አባቴ ስለ ፍተሻው ብዙ አያወራም ነበር። ባቡሩ ሽቦው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሌጂዮኖቹ (የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር ወታደሮች) ይወጣሉ፣ ከመቀመጫ ሥር ሳይቀር ያያሉ። «የኛን ወረቀት አይተው ያልፉናል። አጠገቤ የነበረውን ልጅ ግን አወረዱት» ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ልጁ ማን እንደነበር ጠይቄው አያውቅም።

የምለምንዎ ሐውልት አይደለም። የሐውልት ገንዘብ ለባልባላ ውሃ ይዋል። ሽቦው መንገድ ያቋርጥ በነበረበት ቦታ ሁሉ አስፋልቱ ላይ አንድ የቀለም መስመር ይሰመር። አሮጌው ሐዲድ ሽቦውን ያልፍ የነበረበት ቦታ ላይ አንድ ሰሌዳ ይተከል፤ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በዓረብኛ፣ በፈረንሳይኛ ይጻፍበት። ቦታ ከተረፈ ደግሞ አንድ መስመር አማርኛ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው ድምፅ መቅጃ ይዞ ባልባላ ይውጣ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የሆነው ሰው አሁን ሰማንያ ሊደፍን ነው።

የአባቴ የማለፊያ ወረቀት እስካሁን ቤታችን አለ። ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ፎቶው ግን በደንብ ይታያል። ለሰሌዳው ከጠቀመ ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድሬዳዋ የባቡር ልጅ