የፍሪስዮኑ ነገርና የአያትሽ መኪና

ሐረር፣ ኅዳር 9

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለም።

ማክሰኞ ማታ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የመንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና አንድም ሳትስቺ አልፈሽ፣ በተግባሩ ግን ዳገቱ መሐል ሞተሩ ሦስት ጊዜ ጠፍቶብሽ ወደቅሽ። በመውደቅሽ አላዘንኩም። ያሳሰበኝ «አባዬ፣ ጭንቅላቴ ያውቀዋል፤ እግሬ ግን አይሰማኝም፤ እኔ ለመኪና አልተፈጠርኩም» ያልሽው ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ የመጨረሻው ግን ስህተት። ይህን በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ስለምትዘጊው በወረቀት ጻፍኩት።

እኔ «መኪና» ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ ሌላ መኪና ነው። አያትሽን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አልደረስሽባቸውም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው በመኪና ግርግር መንገድ ዳር የእግር ሲንገራቸውን ይዘው ይሰፉ ነበር። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከእነዚያ የስፌት መኪኖች ድምፅ መሆኑን ታውቂያለሽ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ ክረምቱን አጠገባቸው ተቀምጬ እንድማር አዘዙኝ። የእግር መኪና አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ መርገጫውን ያለ ጊዜው ከረገጥሽው መዘውሩ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩ ይበጠሳል። የመጀመሪያ ቀን ስንት ጊዜ እንደበጠስኩ አልቆጠርኩም። እሳቸው ሳይቆጥሩ አልቀሩም፤ በማግሥቱ ክሩን ከመርፌው አውጥተው አሮጌ ጋዜጣ ሰጡኝ። ባዶውን መርፌ በወረቀት ላይ ማስኬድ ብቻ! «መስመሩን ተከተል» አሉኝ፤ ሌላ ማብራሪያ አልነበረም። አንድ ሰዓት ያህል ረግጬ ገና እግሬ መፍታታት ሲጀምር «በቃ፣ ነገ» ይሉኛል። እበሳጭ ነበር። የሚገርመው ግን በማግሥቱ ስመለስ ካቆምኩበት ተሽሎኝ አገኘው ነበር።

አንድ ቀን ከደንበኛ ጋር በሱሪ ዋጋ እየተከራከሩ እግራቸው ምንም ሳያዛንፍ ሲረግጥ አየሁና «እግርዎ መቼ መርገጥ እንዳለበት በምን ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝቅ ብለው እግራቸውን ተመለከቱ። ክሩ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲያ ሲሠሩ አጠገባቸው መናገር ተከለከልኩ።

የጥያቄዬን መልስ ያገኘሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ያውም እኔው ራሴ ሳስተምረው በኖርኩት ትምህርት ውስጥ ተቀብሮ። ባዮሎጂ ባስተማርኩበት 27 ዓመት ሙሉ ሰሌዳው ላይ «ሴሬብለም፦ የሰውነትን ሚዛን ይጠብቃል» ብዬ ጽፌ አልፍ ነበር። አንድ መስመር! አንቺም ከተማሪዎቼ መሐል ተቀምጠሽ ገልብጠሽዋል፤ ይቅር በይኝ።

ሴሬብለም ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ከዋናው አንጎል ሥር ያለው ክፍል ነው፤ ስሙ በላቲን «ትንሹ አንጎል» ማለት ነው። ከአንጎላችን መጠን የሚይዘው 10 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ካሉን ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት ግን 69 ቢሊዮን ያህሉ የሚገኙት እዚያ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይህ ክፍላቸው የቆሰለባቸውን ወታደሮች ያጠናው ሐኪም ጎርደን ሆልምስ ከበሽተኞቹ የአንዱን ቃል መዝግቧል፦ ጤነኛው እጁ ሳያስብበት ይሠራል፤ የተጎዳውን እጁን ለማንቀሳቀስ ግን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ማሰብ አለበት። ዳገቱ ላይ የአንቺ እግር እንደዚያ ነበር። ልዩነቱ እሱ የነበረውን አጣ፤ አንቺ ገና እየሠራሽው ነው።

ጭንቅላት የሚያውቀውና እግር የሚያውቀው አንድ ጎተራ ውስጥ አይቀመጡም። ኤች ኤም በሚል ምህጻር የሚታወቀው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 በተደረገለት ቀዶ ጥገና አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታውን አጣ። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲስል አደረገችው። በየቀኑ እጁ እየተሻሻለ ሄደ፤ እሱ ግን በየቀኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራው ይመስለው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሴሬብለም ውስጥ የቼኩ ሊቅ ፑርኪንዬ እ.ኤ.አ. በ1837 የገለጻቸው ትልልቅ ሕዋሳት አሉ። የአንዱ ሕዋስ ቅርንጫፍ እንደ እናትሽ የከሰል ማራገቢያ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል፤ በዚህ ማራገቢያ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ቀጫጭን ክሮች ያልፋሉ። ወሬ አቀባዮች ናቸው፦ እግርሽ ፍሪስዮኑን ምን ያህል እንደተጫነ፣ የሞተሩ ድምፅ እንደወረደ፣ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት እንደጀመረ ይናገራሉ። ከእነዚህ ሁሉ ሌላ ከአንጎል ግንድ የሚነሳ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ጠንካራ ክር እንደ ሐረግ ተጠምጥሞ ይወጣበታል። ይህ ክር ቁጥብ ነው፤ የሚናገረው በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ነው። በአብዛኛው የሚያመጣው መልእክትም «ተሳስተሃል» የሚል ነው።

ይህ መልእክት ሲደርስ በዚያችው ቅጽበት ሲያወሩ የነበሩት ቀጫጭን ክሮች ከሕዋሱ ጋር የሚገናኙበት ቦታ፣ ማለትም ሲናፕሱ፣ ይዳከማል። በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ የነርቭ መልእክት ተቀባይ የሆኑት ፕሮቲኖችም ከገጹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴቪድ ማር እ.ኤ.አ. በ1969 መማር የሚካሄደው እዚህ ነው ሲል ግንኙነቱ የሚጠነክር መስሎት ነበር። አሜሪካዊው ጄምስ አልበስ በ1971 የለም፣ የሚዳከም መሆን አለበት አለ። በ1982 ጃፓናዊው ማሳኦ ኢቶና ባልደረቦቹ መዳከሙን በሙከራ አሳዩ።

መማር በመዳከም? ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቤት ውስጥ ተመላለስኩ። ነገሩ ግልጽ የሚሆነው የፑርኪንዬ ሕዋስ ሥራ ማገድ መሆኑን ስታውቂ ነው። ሕዋሱ ፍሬን ነው። ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ወሬ ሲደክም፣ ፍሬኑ በትክክለኛው ጊዜ ይለቀቃል። አንቺ ዳገት ላይ ለእግርሽ ልታስተምሪው የምትታገይውን ነገር ሕዋሶችሽ ውስጥ ሆነው እየሠሩት ነው። በእርግጥ ሥራው ሁሉ የዚህ መዳከም ብቻ አይደለም፤ ይህ መዳከም የተከለከለባቸው አይጦች በአንዳንድ ሙከራ ሲማሩ ተገኝተዋል፤ ሌሎች ግንኙነቶች ሲጠነክሩም ድርሻ አላቸው።

ስለዚህ ሞተሩ ሲጠፋብሽ አትሸማቀቂ። ያ መንገጫገጭ መምህርሽ ነው፤ ከስህተቱ በኋላ በሰከንድ ክፍልፋይ ይደርሳል። አሠልጣኝሽ ከልምምዱ በኋላ ግማሽ ሰዓት የሚሰጥሽ ተግሣጽ ለጭንቅላትሽ ይጠቅም ይሆናል፤ ሕዋሶቹ ግን ያን ጊዜ ጉዳዩን ዘግተውታል። ደግሞ የገዛሽውን የቅዳሜ የአራት ሰዓት ልምምድ መልሺ፤ ለአራት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ያድርጉልሽ። በአይጦች ዓይን እንቅስቃሴ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ በአንድ ጊዜ ከተጨናነቀው ልምምድ ይልቅ በእረፍት የተከፋፈለው ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ታይቷል። ትዝታው መጀመሪያ በሴሬብለም ገጽ ላይ ይጻፍና ቆይቶ ወደ ታችኞቹ የነርቭ ማዕከሎች ይሸጋገራል፤ ለመሸጋገሪያውም ጊዜ ይፈልጋል። አያትሽ «ነገ» የሚሉት ስለ ፑርኪንዬ ሰምተው አልነበረም።

እናትሽ በርበሬና ሁለት ኪሎ ሽሮ በሚኒባስ ልካለች፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከረዳቱ ተቀበይ። ከቻልሽ ቅዳሜ በደንገጎ በኩል ነይ፤ መንገዱ ላይ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጭና እግሩን እይ፤ አደራሽን ግን ምንም እንዳትጠይቂው። የአያትሽን መኪና አዲስ ቺንጋ አስገብቼለት መስኮቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ፍሪስዮን አያስተምርሽም፣ አውቃለሁ፤ እግርሽ አንድ አዲስ ነገር ሲማር አብሬሽ ተቀምጬ ማየት አምሮኝ ነው። ክር እንዳትገዢ። አሮጌ ጋዜጣ አጠራቅሜልሻለሁ።

አባትሽ