እህትህ ስለምትመረቅ

ይድረስ ለወንድሜ፣

የተጠፋፋነው ሁለታችንም ስለሆንን ወቀሳውን እኩል እንካፈለውና እንለፈው። ታናሽ እህትህ ዘንድሮ እንደምትመረቅ ሰማሁ፤ ብዕር ያስነሣኝ እርሱ ነው። የሰው ኃይል ክፍል ከገባሁ ወዲህ የምረቃ ወቅት በቀረበ ቁጥር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ከሚቀመጡት አንዱ ሆኛለሁና።

የሥራ ዐውደ ርእይ ተመራቂንና ቀጣሪን ያገናኛል፤ ጠረጴዛ መዘርጋት የሚችለውን ቀጣሪ ማለቴ ነው። እንደ እኛ ያለ ትልቅ ድርጅት ለከርሞ ስንት ሰው እንደሚፈልግ ቀድሞ ስለሚያውቅ በጅምላ ይመለምላል። ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ግን ሰው የሚፈልገው የሒሳብ ሠራተኛው የለቀቀ ዕለት ነው፤ የምረቃ ወቅት አይጠብቅም፣ ግቢ ድረስ የሚልከውም የለውም። ተማሪዎቹ አዳራሹን ዞረው ሲወጡ የሥራው ዓለም ያ ብቻ ይመስላቸዋል።

እኛስ ምን እናያለን? ሰልፉ ረጅም ነው፤ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ስምና አማካይ ውጤቱን አይተን እንለያለን። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያስረዳው ይህንኑ ነበር፤ ቀጣሪ ችሎታን በዓይኑ ማየት ስለማይችል ትምህርትን እንደ ምልክት ያነባል። በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ፤ እኛ ዛሬም ያንኑ ምልክት እያነበብን ነው። ማታ ማታ እየሠራ የተማረ ልጅ ነጥቡ ትንሽ ዝቅ ካለ ወረቀቱ ከክምሩ ሥር ይቀራል። ይህ ያናድደኛል። ደጋግሜ ስለተናገርሁ፣ ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ አለቆቼ በረጅሙ ይተነፍሳሉ።

ኢንተርንሺፕ ይሻላል። ጥቂት ወራት አብሮህ የሠራን ሰው ለማወቅ ነጥቡን አትጠይቅም፤ እርሱም መሥሪያ ቤቱ ይስማማው እንደሆነ ያያል። ክፍያ ከሌለው ግን የሚችለው ቤተሰቡ የሚደጉመው ብቻ ነው።

እናም እህትህ ወደ ዐውደ ርእዩ ትሂድ፣ እዚያ ብቻ ግን አትቅር። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር በዚያው በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት ዘወትር ከሚያገኙት ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያዩት ሰው መሆኑን አገኘ። የቅርብ ሰው የሚያውቀው አንተም የምታውቀውን ነዋ! ከእርሷ ቀድመው የተመረቁትንና ያስተማሯትን ትጠይቅ። አንተ በጣም ቅርቧ ስለሆንህ እምብዛም አትጠቅማትም፤ እኔን ግን ያየችኝ አልፎ አልፎ ስለሆነ ሲቪዋን ትላክልኝ።

ወዳጅህ