መደራረብ ብቻውን ምስል አያጠራም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሰማይ ፎቶግራፍን ለጀማሪዎች ባስተዋወቃችሁበት ጽሑፍ፣ የአንድን የሰማይ ክፍል ብዙ ምስሎች መደራረብ (አዋህዶ አማካያቸውን መውሰድ) ማንኛውንም ጉድለት እንደሚያስወግድ መገለጹ መታረም ያለበት ይመስለኛል። መደራረብ የሚቀንሰው ከምስል ምስል የሚለዋወጠውን ኖይዝ (በዘፈቀደ የሚታየውን ብጥስጥስ ነጠብጣብ) ነው፤ 16 ምስሎች ሲደራረቡ ወደ ሩብ፣ 100 ሲደራረቡ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ ያረፈ አቧራና የሌንሱ የማዕዘን ጥላ ግን በእያንዳንዱ ምስል ላይ በዚያው ቦታ ስለሚመጡ፣ ኖይዙ በቀነሰ ቁጥር ይበልጥ ጎልተው ይታያሉ።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ባለፈው ታኅሣሥ የኦሪዮንን ኔቡላ (በሰማይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) 90 ጊዜ አነሳሁ፤ ሌንሱንና ፎከሱን ሳልነካም ሲነጋጋ በወጥ ሰማይ ላይ ፍላት ፍሬሞችን (የማዕዘኑንና የአቧራውን ጥላ ብቻ የሚያሳዩ፣ የሰማዩ ምስል ለእነሱ ሲካፈል ጥላው የሚስተካከልባቸው ምስሎች) ጨመርኩ። ሳቀናብረው ጠቁረው የነበሩት ማዕዘኖች ከመካከሉ ይልቅ ነጡ፤ የአቧራውም ጥላ ብሩህ ቀለበት ሆነ። ፍላቶቹን ወቅሼ ደጋግሜ ባነሳም ለውጥ አልነበረም፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበርና። ካሜራ ብርሃን ባይገባበትም ቆጠራውን የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከአንድ መነሻ ቁጥር ነው። መነሻው 512 ነው እንበል፤ ሰማዩ በመካከል 300፣ ግማሹ ብርሃን ብቻ በሚደርስበት ማዕዘን ደግሞ 150 ቢሆን፣ የሚመዘገበው 812 እና 662 ነው። መነሻው ሳይቀነስ ማዕዘኑ ፍላቱ ለሚያሳየው 0.5 ሲካፈል 1324 ይሆናል፤ አስቀድሞ ቢቀነስ ግን ሁለቱም 300 ላይ ይገናኛሉ። እኔ መነሻውን ከፍላቶቹ ቀንሼ፣ ከኔቡላው ምስሎች ግን ሳልቀንስ ቀርቻለሁ፤ ብርዱን ሸሽቼ ይህን መነሻ የሚያሳየውን ዳርክ ፍሬም ሳላነሳ ወደ ቤት ገብቼ ነበርና። ዳርክ ፍሬም ሌንሱ ተከድኖ፣ በዚያው የጊዜ ርዝመት፣ በዚያው አይ.ኤስ.ኦ. (የካሜራው የብርሃን ትብነት መጠን) እና በዚያው ቅዝቃዜ መነሳት ስላለበት በማግስቱ ሞቃት ክፍል ውስጥ አይተካም።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የሰሜን ኮከብ እዚህ ከአድማስ በላይ የሚታየው 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ ነው፤ እንደ እኔ እንጦጦ ሥር ለሚኖርማ ተራራው ይከልለዋል። ካሜራውን ከሰማዩ ጋር የሚያዞረው ተከታታይ መሣሪያ የሚቃናው በዚህ ኮከብ በመሆኑ፣ በትክክል ሳይቃና ቀርቶ ምስሉ ቀስ በቀስ ስለሚንሸራተት፣ ከመጠን በላይ የሚያበሩ ፒክስሎች ሲደራረቡ እንደ ዝናብ የተሰመሩ ጭረቶች ይሆናሉ። መፍትሔው በየጥቂት ምስሉ ካሜራውን በዘፈቀደ ወደተለያየ አቅጣጫ ትንሽ ማንቀሳቀስ ነው።

ጽሑፉ በተከታታይ የሚወጣ ከሆነ፣ መቀነሱ ከማካፈሉ፣ ሁለቱም ከመደራረቡ እንዲቀድሙ ለጀማሪዎች ይገለጽላቸው ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ